ሳጥኖቹን ማን ይደርድር?

ቪዚዮ በተባለው የማይክሮሶፍት የሥዕል ሶፍትዌር ውስጥ ገጹን እንደ አዲስ የሚደረድር አንድ ትእዛዝ አለ። አንድ ሠራተኛ ሲጎትትና ሲያስተካክል ከሰዓቱን የጨረሰባቸው 30 ሳጥኖች ይህ ትእዛዝ ሲደርሳቸው ባንዴ ይነሣሉ፤ ከላይ ወደ ታች ተሰልፈው፣ ክፍተታቸው እኩል ሆኖ፣ ቀስቶቻቸው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ውጤቱ አንዳንዴ “ምነው ቀደም ብዬ ባወቅሁት” ያሰኛል። አንዳንዴ ደግሞ ዳይሬክተሩ ታች ወርዶ፣ ጎን ለጎን የነበሩት ክፍሎች ተራርቀው፣ ሥዕሉ ከአንድ ገጽ አልፎ ይገኛል፤ ያን ጊዜ እጅ ወደ መመለሻው ትእዛዝ ይሮጣል።

ይህ ዓይነቱ አውቶማቲክ አደራደር በቪዚዮ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በነጻ የሚገኘው ድሮው ዶት አይኦ፣ ጀርመን ውስጥ የተሠራው ዋይኢድ፣ ከጽሑፍ ሥዕል የሚያወጡት ግራፍቪዝና መርሜይድ ሁሉም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ከትእዛዙ በስተጀርባ ያለው የሒሳብ ዘርፍ ከ60 ዓመት በላይ የተደከመበት ነው። ተጠቃሚዎች ግን ስለ እሱ የሚነገራቸው ነገር የለም፤ ስለዚህ ትእዛዙ የሚሳካበትንና የሚያበላሽበትን ምክንያት ሳያውቁ አንድ ጊዜ ሞክረው ይተዉታል። ይህ ያሳዝናል። ምክንያቱ ከታወቀ አብዛኛው ድካም ይቀራልና።

ሲጀመር ሶፍትዌሩ የሳጥኖቹን ትርጉም አያውቅም። “ፋይናንስ” የሚለው ቃል ለእሱ ይህን ያህል ስፋት ያለው ጽሑፍ ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጅም የጥበቃ ሠራተኛም እኩል ናቸው። የሚያውቀው የትኞቹ ሳጥኖች እንዳሉ፣ መጠናቸው ስንት እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘና ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ የሚበላሽበት የመጀመሪያው ምክንያት ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት የተፈጠረ ነው። ብዙ ሰው ተራ መስመር መርጦ በሁለት ሳጥኖች መካከል ያሰምራል። ለዓይን የተያያዙ ይመስላሉ፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት ብቸኛ ሳጥኖችና ባለቤት የሌለው መስመር ናቸው። ለማረጋገጥ ሳጥኑን በማውስ ይዞ ወደ ጎን መጎተት ይበቃል። መስመሩ አብሮ ከመጣ ማገናኛ ነው፣ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቋል። ባለበት ከቀረ አልተጣበቀም፤ ያልተጣበቀ መስመር ያለበትን ሥዕል ደግሞ የትኛውም ዘዴ በትክክል ሊደረድረው አይችልም።

ግንኙነቱ በትክክል ከገባ በኋላ “ጥሩ አደራደር” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማሽኑ መንገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አንድ የጡብ ፋብሪካ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ፖል ቱራን በቡዳፔስት አቅራቢያ በሚገኝ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ የግዳጅ ሥራ ላይ ነበር። አይሁዳዊ በመሆኑ ነበር እዚያ የተገኘው። ጡቡ ከምድጃዎቹ ወጥቶ በትንንሽ ጋሪዎች ይጫንና በሐዲድ ላይ እየተገፋ ወደ ማከማቻዎቹ ይሄዳል፤ ከእያንዳንዱ ምድጃ ወደ እያንዳንዱ ማከማቻ ሐዲድ ተዘርግቷል። መግፋቱ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ችግሩ አንዱ ሐዲድ ሌላውን የሚያቋርጥበት መስቀለኛ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ጋሪው ከሐዲዱ ይወጣል፣ ጡቡ ይፈሳል፣ ሥራው ይጓተታል። ቱራን በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንኳ አእምሮው አላረፈም። ሐዲዶቹ በሌላ መንገድ ቢዘረጉ የመስቀለኞቹ ቁጥር እስከ ስንት ሊወርድ ይችላል ብሎ ማሰላሰል ጀመረ። ታሪኩን ራሱ ጽፎት ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1977 ታትሟል።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። 3 ምድጃና 3 ማከማቻ ካለ የቱንም ያህል ቢያሰላስሉ ቢያንስ 1 መስቀለኛ አይቀርም። 4 ለ 4 ሲሆን 4፣ 5 ለ 5 ሲሆን 16 ይደርሳል። ፖላንዳዊው ካዚሚርዝ ዛራንኪየዊች በ1950ዎቹ ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል ያለውን ቀመር አወጣ፤ ኋላ ግን ማረጋገጫው ላይ ክፍተት ተገኘበት። ቀመሩ ለትንንሽ ቁጥሮች ትክክል መሆኑ ታውቋል፤ ለሁሉም መሥራቱ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። የቢሮ ሠራተኛው ቀስት ከቀስት እንዳይጠላለፍ ሲታገል፣ የሒሳብ ሊቃውንት ያልጨረሱትን ትግል እየታገለ ነው ማለት ነው።

መጠላለፉ ግን እውን አንባቢን ይጎዳል ወይስ የሠዓሊ ምርጫ ነው? ይህን በሙከራ ከፈተኑት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዷ ሄለን ፐርቼዝ ናት። በ1997 ባወጣችው ጥናት አንድ ዓይነት ግንኙነት የያዙ ሥዕሎችን በተለያየ አደራደር ለተማሪዎች አቅርባ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ ስሕተታቸውንና የወሰደባቸውን ጊዜም ለካች። ከሁሉም በላይ መረዳትን ያደናቀፈው የመስመሮች መቆራረጥ ሆኖ ተገኘ። የመስመሮች መታጠፍና የሥዕሉ ግራና ቀኝ መመጣጠን ውጤታቸው ከዚያ ያነሰ ነበር። በኋላ የመጡ ጥናቶች አንድ ጠቃሚ ነገር ጨምረዋል፦ ሁለት መስመሮች መቆራረጣቸው የግድ ከሆነ፣ በቀጥተኛ ማዕዘን ሲቆራረጡ ዓይን ብዙም አይሳሳትም፤ በሾለ ማዕዘን ሲቆራረጡ ግን የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ይምታታል።

መስቀለኞቹን ለመቀነስ የቢሮ ሶፍትዌሮች በብዛት የሚከተሉት መንገድ ከጃፓን የመጣ ነው። የፉጂትሱ ባልደረባ የነበረው ኮዞ ሱጊያማ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር በ1981 ያሳተመው ዘዴ ዛሬም የፍሎውቻርት፣ ማለትም የሥራ ሂደት ሥዕል፣ አደራደር መሠረት ነው። ዘዴው በትንሽ ምሳሌ በደንብ ይታያል።

አንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ሂደቱን ይሥላል እንበል። በላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ በጀት ክፍል፣ ግዥ ክፍል፣ ንብረት ክፍል ተቀምጠዋል። በታችኛው ረድፍ ሦስት ሰነዶች አሉ፤ ሠራተኛው ወደ አእምሮው በመጡለት ቅደም ተከተል አስገብቷቸዋል፦ ንብረት ገቢ መሆኑን የሚያሳየው ሞዴል 19፣ ከዚያ ውል፣ ከዚያ የበጀት ማረጋገጫ። ሞዴል 19 ከንብረት ክፍል ጋር ብቻ ይያያዛል። ውሉ ከበጀትም ከግዥም ጋር ይያያዛል። የበጀት ማረጋገጫው ከበጀት ጋር ብቻ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሲሣል አራቱ መስመሮች 4 ቦታ ላይ ይቆራረጣሉ።

ሶፍትዌሩ አሁን ላይኛዎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰነድ ከላይ የተያያዛቸውን ክፍሎች አማካይ ያሰላል። ሞዴል 19 የንብረት ክፍልን ቁጥር 3 ያገኛል። ውሉ የ1 እና የ2 አማካይ 1.5 ይሆናል። የበጀት ማረጋገጫው 1 ነው። በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ሲሰለፉ የበጀት ማረጋገጫ፣ ውል፣ ሞዴል 19 ይሆናሉ፤ መስቀለኞቹም ከ4 ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። ሶፍትዌሩ ይህን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሰ በሁሉም ረድፎች ላይ ይደጋግመዋል፤ መሻሻሉ ሲቆም ያቆማል። ሒሳቡ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በደብተሩ ሊሠራው የሚችል ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ይህን ያህል መጥቀሙ በጣም የሚያስደንቅ ነው።

ሁሉንም አማራጭ ሞክሮ ምርጡን ለምን አይወስድም ለሚል ሰው መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። በአንድ ረድፍ ያሉ 10 ሳጥኖች በ3,628,800 መንገድ ሊሰለፉ ይችላሉ። 20 ሲሆኑ፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን አሰላለፍ የሚመረምር ኮምፒውተር እንኳ አንዱን ረድፍ ብቻ ለመጨረስ 77 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አሜሪካውያኑ ማይክል ጌሪና ዴቪድ ጆንሰን በ1983 መስቀለኞችን እስከ መጨረሻው መቀነስ በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ችግሮች ተርታ የሚመደብ መሆኑን አሳይተዋል፤ ለሁሉም ሥዕል የሚሠራ ፈጣንና ፍጹም መፍትሔ እስካሁን የለም። በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው ትእዛዝ የሚሰጠው ጥሩ የሆነ መልስ ነው እንጂ የመጨረሻውን ምርጥ መልስ አይደለም። ስለዚህ ከትእዛዙ በኋላ ሁለት ሳጥኖችን በእጅ አለዋውጦ የተሻለ ሥዕል ማግኘት የሚያስገርም ነገር አይደለም።

የሱጊያማ ዘዴ አንድ ሌላ ፈተና አለበት፤ በኢትዮጵያ ቢሮዎች የሥራ ሂደት ላይ በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ታች ሲወርዱ ረድፍ ማውጣት ቀላል ነው። ነገር ግን “ፕሮፎርማው ካልተሟላ ወደ ግዥ ይመለስ” የሚል ቀስት ሲገባ ሂደቱ ክብ ይሆናል፤ የቱ ቀዳሚ፣ የቱ ተከታይ እንደሆነ አይለይም። ሶፍትዌሩ ለጊዜው አንዱን ቀስት ገልብጦ እንደ ወራጅ ይቆጥረዋል፤ ድርድሩን ሲጨርስ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫው ይመልሰዋል። የትኛውን ቀስት ይገለብጣል? የመመለሻው ቀስት የትኛው እንደሆነ የሚነግረው የለም። እንደ ግራፍቪዝ ያሉት ፕሮግራሞች ሳጥኖቹ በገቡበት ቅደም ተከተል እየተጓዙ ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት ሲያገኙ እሱን ይገለብጣሉ። ሠራተኛው ዝርዝሩን ከመካከል ከጀመረ ሥዕሉም ከመካከል ሊጀምር ይችላል፤ የመጀመሪያው እርምጃ ታች ወርዶ ይገኛል። መድኃኒቱ ትንሽ ነው፦ ዝርዝሩን ባለጉዳዩ ከሚገባበት በር ጀምሮ፣ በሥራው ቅደም ተከተል ማስገባት።

ድርጅታዊ መዋቅር ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። አንድ አለቃ ብዙ የበታች አለው፣ የበታቹ ግን አንድ አለቃ ብቻ አለው፤ ቅርጹ ዛፍ ነው፣ ዛፍ ደግሞ ያለ ምንም መስቀለኛ ሊሣል ይችላል። እዚህ ያለው ጭንቀት ስፋት ነው። አሜሪካውያኑ ኤድዋርድ ሬይንጎልድና ጆን ቲልፎርድ በ1981 ያወጡት ዘዴ ከታች ይጀምራል፤ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ለብቻው ይደረድርና ጎረቤት ቅርንጫፎችን ሳይነካኩ እስከሚቻለው ድረስ ያቀራርባቸዋል፤ ከዚያ አለቃውን በበታቾቹ መካከል፣ ከላያቸው ያስቀምጠዋል። አንድ ዓይነት አወቃቀር ያላቸው ሁለት ክፍሎች በሥዕሉ ላይ የትም ቢውሉ አንድ ዓይነት መልክ ይኖራቸዋል። ይህ መርሕ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ነው፤ አንባቢ ሁለት ቅርንጫፎች ሲለያዩበት ልዩነቱ ከመዋቅሩ እንጂ ከአሣሣሉ አለመምጣቱን እርግጠኛ ይሆናል።

ዛፉ የሚሰበረው እውነተኛው መሥሪያ ቤት ዛፍ ሳይሆን ሲቀር ነው። ተጠሪነቱ ለሁለት ዳይሬክቶሬት የሆነ ባለሙያ፣ ወይም በአስተዳደር ለክልሉ በሙያ ለፌዴራሉ የሚጠራ ጽሕፈት ቤት ሲመጣ፣ ሁለተኛው መስመር የዛፉን ሥርዓት ያፈርሳል። በዚህ ጊዜ ዋናውን ተጠሪነት ብቻ አያይዞ ማስደርደርና ሁለተኛውን በኋላ በነጠብጣብ መስመር በእጅ መጨመር ይሻላል። የሰፋውን ዛፍ ለማጥበብ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሠራተኞች ጎን ለጎን ከመዘርጋት ይልቅ ከአለቃቸው ሥር ወደ ታች ማንጠልጠል ይቻላል፤ ቪዚዮም ፓወርፖይንትም ይህ አማራጭ አላቸው።

ላይም ታችም የሌላቸው ሥዕሎች አሉ፤ ለምሳሌ የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ የሚያሳይ የኔትወርክ ሥዕል። ለእነዚህ በ1984 አውስትራሊያዊው ፒተር ኢድስ ያቀረበው መንገድ ከፊዚክስ የተወሰደ ነው። እያንዳንዱን ሳጥን የብረት ቀለበት፣ እያንዳንዱን መስመር ሞላ አድርጎ ያስባል፤ ሞላው የተያያዙትን ይስባል፣ ያልተያያዙት ይገፋፋሉ። ሥርዓቱ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ሲረጋ ያረፈበት ቦታ አደራደሩ ይሆናል። ድሮው ዶት አይኦ ውስጥ ይህን የመሰለውን አደራደር የመረጠ ሰው ሳጥኖቹ ሲበታተኑና በየወገናቸው ሲሰባሰቡ ያያል። እርስ በርስ በብዛት የሚገናኙ ክፍሎች ማንም ሳይነግራቸው አንድ ላይ ይሰፍራሉ። ለፍሎውቻርት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የመጀመሪያው እርምጃ የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናልና።

የዚህ ሐሳብ ቀዳሚ ዊልያም ቱት ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመኖችን ሎሬንዝ የተባለ የምስጢር መጻፊያ ማሽን፣ ማሽኑን ራሱን ሳያይ፣ አሠራሩን የደረሰበት እንግሊዛዊ። ቱት በ1963 ዳር ያሉትን ነጥቦች አጽንቶ እያንዳንዱን የውስጥ ነጥብ በጎረቤቶቹ አማካይ ላይ ማስቀመጥ፣ ሊጠላለፉ የማይገባቸው ብዙ ሥዕሎችን ያለ አንድ መስቀለኛ እንደሚያወጣ አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ዶናልድ ክኑት በኮምፒውተር ስለሚሣሉ ፍሎውቻርቶች ጽፏል። ከሁለቱም ቀድማ በ1959 የአይቢኤም ባልደረባና ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከሠሩት አንዷ የሆነችው ሎይስ ሄይብት ፍሎውቻርት የሚሥል ፕሮግራም አቅርባ ነበር። ቢሮዎች ይህን ዕድል በእጃቸው ለማግኘት ግን ብዙ መጠበቅ ነበረባቸው።

ቪዚዮን ያወጣው በሲያትል አካባቢ የተመሠረተ አንድ ኩባንያ ነው፤ የመጀመሪያው ሶፍትዌር በ1992 ለገበያ ቀረበ፣ ማይክሮሶፍትም በ2000 ኩባንያውን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ጠቀለለው። በፓወርፖይንትና በወርድ ውስጥ ያለው ስማርትአርት የመጣው በ2007ቱ ኦፊስ ነው። ስማርትአርት አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ጽሑፉን በዝርዝር ይጽፉለታል፣ እሱ ሳጥን ያደርገዋል። ነገር ግን ግንኙነቱን የሚወስነው ከዝርዝሩ ነው፤ አንድን ሳጥን ወደፈለጉበት ሳጥን ለማያያዝ አይፈቅድም፣ ሳጥን ሲበዛም ፊደሉን እያሳነሰ ይሄዳል። ለአምስት ወይም ለስምንት ሳጥን ምቹ ነው። የ40 ሰው መዋቅር በእሱ ሠርቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ለአንባቢ አለማሰብ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ሥዕሉን ጨርሶ በማውስ አለመጀመር ነው። ቪዚዮ መዋቅርንም የሥራ ሂደትንም ከኤክሴል ሠንጠረዥ አንብቦ ይሠራል። በሠንጠረዡ ውስጥ ለእያንዳንዱ እርምጃ መለያ ቁጥር፣ መግለጫና ቀጣዩ እርምጃ የትኛው እንደሆነ ይጻፋል፤ ሳጥኑም ቀስቱም ከዚያ ይወጣል። አንድ ክፍል ሲጨመር አንድ መስመር ይጨመራል። ሠንጠረዡ ለስብሰባ ሊነበብ፣ በኢሜይል ሊላክ፣ ዓይነ ሥውር ለሆነ ባልደረባ በስክሪን አንባቢ ሊሰማ ይችላል፤ ሥዕል ብቻውን ይህን ሁሉ አይችልም።

ትእዛዙ ተሳክቶ ሳለ ሰው የሚበሳጭበት ጊዜም አለ፤ ብስጭቱ ትክክል ነው። አንድን ሥዕል ለወራት ያየ ሰው ግዥ ክፍል ከግራ በኩል፣ ስቶር ከታች ጥግ እንዳለ ሳያስበው ያውቃል። አንድ ሳጥን ተጨምሮ ገጹ እንደገና ሲደረደር ሁሉም ቦታ ይለዋወጣል፤ በሒሳብ የተሻለው ሥዕል ለእሱ የማያውቀው ሥዕል ይሆናል። የጃፓንና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ኢድስና ሱጊያማ ራሳቸው ጭምር፣ በ1990ዎቹ ይህን በአንባቢ አእምሮ ውስጥ ያለ ካርታ ብለው አጥንተውታል፤ የግራ ቀኝና የላይ ታች ቅደም ተከተል ሳይናጋ ቦታ የማስፋት ዘዴም አቅርበዋል። የቢሮ ሶፍትዌሮች ይህን ገና በአግባቡ አልተቀበሉትም፤ አብዛኞቹ ትእዛዙ በተሰጠ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ ሙሉ አደራደርን ሥዕሉ ገና ለሌላ ሰው ሳይታይ መጠቀም፣ ከጸደቀና ከተለጠፈ በኋላ ግን አዲሱን ሳጥን በእጅ ማስገባት ብልህነት ነው።

በአማርኛ ለሚሥል ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ሶፍትዌሩ ሳጥኑን የሚለካው በውስጡ ባለው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉን የሚለካው ደግሞ በፊደሉ ቅርጽ፣ ማለትም በፎንቱ ነው። የግዕዝ ፊደላት ሰፊ ናቸው፤ “የግዥና ንብረት አስተዳደር ዳይሬክቶሬት” የሚለው ስም ብቻውን አንድን ረድፍ ሊሞላ ይችላል። ሥዕሉ ኒያላ የተባለው ፎንት በተጫነበት ኮምፒውተር ተደርድሮ ኒያላ በሌለበት ሲከፈት፣ ሌላ ፎንት ይተካና ቃሉ ከሳጥኑ ያልፋል ወይም ይቆረጣል። ግራፍቪዝን በመሰሉ ፕሮግራሞች ችግሩ ይብሳል፤ ልኬቱ የሚወሰደው ሥዕሉ በሚወጣበት ማሽን ላይ ነው፣ ፊደሉ የሚታየው ግን በአንባቢው ማሽን ላይ ባለው ፎንት ነው። ከማስደርደር በፊት ረጅሙን ስም ለሁለት መስመር መክፈል፣ አንድ ፎንት መርጦ በእሱ መጽናት፣ ለሌላ ሰው ሲላክም በፒዲኤፍ መላክ አብዛኛውን ችግር ያስቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቢፒአር በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀውን መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ሲተገብሩ፣ ነባሩንና አዲሱን አሠራር በሳጥንና በቀስት መሣል የብዙ ኮሚቴዎች ሥራ ሆኖ ነበር። የአገልግሎት አሰጣጥ ሥዕሎች ዛሬም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ከፊታቸው የሚቆመው ሰው ከሩቅ መጥቶ ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ነው፤ ቀስቱ ሲጠላለፍበት ተሳስቶ ወደ ሌላ መስኮት ይሄዳል፣ እንደገናም ይሰለፋል። ለእሱ የሚሠራ ሥዕል ከትእዛዙ በኋላ የሰው ዓይን ያስፈልገዋል። ማሽኑ ዋናውን መንገድና አልፎ አልፎ የሚያጋጥመውን ቅሬታ እኩል ያያቸዋል፤ ዋናውን በአንድ ቀጥተኛ መስመር ከላይ እስከ ታች አውርዶ ልዩ ሁኔታዎቹን ወደ ጎን ማውጣት ሥራውን የሚያውቀው ሰው ድርሻ ነው። በሳጥኖች መካከል የቀሩ መስቀለኞችም ካሉ ማገናኛዎቹ ቀጥ ባሉ መስመሮች እንዲታጠፉ ማድረግ ይጠቅማል። ያን ጊዜ ሁሉም በቀጥተኛ ማዕዘን ይቆራረጣሉ፤ ቪዚዮም በመስቀለኛው ላይ አንዱ መስመር ሌላውን የዘለለ የሚያስመስል ትንሽ ቅስት ይሠራል።

በቅርብ ዓመታት ብዙ ሰው ሥዕል የሚያዘው ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። “የግዥ ሂደታችንን ሣልልኝ” ሲባል ቻትቦቱ ብዙውን ጊዜ ሳጥኖቹን ራሱ አይደረድርም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያያዝ የሚዘረዝሩ ጥቂት የመርሜይድ መስመሮችን ይጽፋል። መርሜይድን በ2014 የጀመረው ስዊድናዊው ክኑት ስቬይድክቪስት ነው። እነዚያን መስመሮች ተቀብሎ ረድፍ የሚያወጣው፣ አማካይ የሚያሰላውና መስቀለኛ የሚቀንሰው ዳግሬ የተባለ ሌላ ፕሮግራም ነው፤ የሚከተለውም ከሱጊያማ የወረደውን መንገድ ነው። ቻትቦቱ የሌለ ቀስት ጨምሮ ወይም ያለውን ዘንግቶ ከሆነ ዳግሬ ያንኑ ስሕተት አሳምሮ ይደረድረዋል። ስለዚህ መመርመር ያለባቸው ሥዕሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት መስመሮች ናቸው፤ ግዥን የሚያውቅ ሠራተኛ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ያነባቸዋል። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነና ዳግሬ ካልተመቸው፣ መርሜይድ በጀርመኑ ኪል ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ኤልክን እንዲጠቀም ማድረግም ይቻላል።